ዝሆኑና ብስኩት

ሰፈሩ ሁሉ መርፌ እያለ ነው የሚጠራው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ከመታወቂያው በቀር የትም አይገኝም ነበር። ሥራው የመኪና ወንበር መስፋት ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጎሚስታውና በባትሪ ቤቱ መካከል፣ በሯ የቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ሱቅ አለችው። እዚያ የገባ ሰው መጀመሪያ የማስቲሽ ሽታ ይቀበለዋል፤ ቀጥሎ እስከ ጣሪያ የተቆለለው ስፖንጅ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ጥቅል ሌዘር፣ ሆዳቸው ተዘርግፎ ወለሉ ላይ የተጋደሙት የታክሲ ወንበሮች ይታዩታል። መርፌ በእነዚህ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ፣ ከደንበኛው ጋር እየተቃለደ ይውላል። ስንት መኪና እንዳለው የጠየቀው ሰው ካለ «ሁለት» ይላል። «አንዷ ስትሰፋ ትውላለች፤ አንዱ ሲያኮራኝ ይውላል።»

የምትሰፋዋ የስፌት መኪናው ናት። የሚያኮራው ዝሆኑ ነው።

ዝሆኑ መርፌ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ የተሠራ፣ ግራጫ፣ ሰፊ፣ መብራቶቹ እንደ ሰሃን የከበቡ መኪና ነው። አባቱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ይህን የራሳቸው አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው እሱን ማጠብ፣ እሱን መወልወል፣ በእሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ማንበብ ሆነ። ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው ቁልፉን በትልቁ ልጃቸው መዳፍ ላይ አስቀምጠው ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት። አደራ የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ መርፌ ግን አደራ እንደተቀበለ ሰው ያዘው። ላሜራው ላይ ጭረት ሲያይ የገዛ ቆዳው የተጫረ ያህል ያመው ነበር።

እናቱ ከእሱና ከሚስቱ ጋር ትኖራለች። ሚስቱ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ማለዳ ትወጣለች፤ ልጆቻቸው አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትቀረው እናቱ ናት፤ ለዓመታት የትምህርት ቤት ወለል ስትወለውል ወገቧ የተጎዳ፣ ጨዋታ ግን የማይጠፋባት ሴት። ለእሷ ሲል የዝሆኑን የፊት ወንበር ደጋግሞ አፍርሶ ሰፍቶታል። ሞላውን ለወጠ፣ ስፖንጁን ደረበ፣ ወገቧ የሚያርፍበት ላይ ትንሽ ትራስ አስገባ፣ ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚሳሳለትን ጥቁር ቀይ ሌዘር አለበሰው። እዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው አይቀመጥም። ሚስቱ እንኳ እናቱ በሌለችበት ጊዜ ከኋላ ነው የምትገባው። «እኔ ከዙፋኑ ጀርባ ነኝ» እያለች ትስቃለች።

ታናሽ ወንድሙ ማሙሽ ይባላል። ማሙሽ ያለችው እናታቸው ናት፤ አርባን አልፎ፣ ራሱ ተመልጦ፣ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ነጭ ጋወን ለብሶ የሚሠራ ፋርማሲስት ሆኖም ማሙሽነቱ አልለቀቀውም። ማሙሽ ቆጥቦ ቆጥቦ አንድ ቀን መኪና ገዛ። እሷም አዲስ አልነበረችም። ከሃያ ዓመት በላይ የሆናት፣ በሰው አገር መንገድ ስትነዳ ኖራ የመጣች፣ ትንሽ፣ ብርማ ቀለም ያላት መኪና ናት። ቢሆንም ከዝሆኑ ጎን ስትቆም የልጅ ልጁ ትመስል ነበር።

ማሙሽ መኪናዋን ሊያስመርቅ ያመጣት ዕለት እሑድ ነበር። እናታቸው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። መርፌ አዲሷን መጤ ዙሪያዋን ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፤ ከዚያ ዝሆኑ ጋ ሄዶ ኮፈኑን በጣቱ አንጓ መታ።

«ስማ ይሄን» አለ። ድምፁ ወፍራም፣ የመጋዘን በር ድምፅ ነበር። ተመልሶ የማሙሽን መኪና መታ። «ይሄንንም ስማ። የብስኩት ቆርቆሮ!»

ስሟ በዚያው ብስኩት ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ፣ መኪና በማንኳኳት ነው እንዴ የሚመረጠው? ሐብሐብ ነው?» አለ ማሙሽ።

«ይሄ ፓራውልት የምትለው ፕላስቲክ ነው፤ በጉልበቴ ስገፋው ገባ እኮ! የኔን ግፋው እስቲ። ዳሽቦርዱን ንካው። ብረት ነው። ያንተ የልጅ መጫወቻ ነው።»

«የኔ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ይነሳል። ያንተ ልመና ይፈልጋል። መሪህን ለማዞር ቁርስ በደንብ በልቶ መምጣት ያስፈልጋል። ፍሬኑም ወደ ግራ ይስባል።»

«ፀባዩን ማወቅ ነው፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ትይዝለታለህ፣ አለቀ። ደግሞ የኔ ሲታመም በካቻቪቴና በፒንሳ ይድናል። ያንቺዋ ስትታመም ኮምፒውተር ያለው ሐኪም ፍለጋ ልትዞር ነው» አለ፤ ወንድሙን ማብሸቅ ሲያምረው በአንቺ ነበር የሚጠራው።

እናታቸው በሁለቱ ስትስቅ ቆየች። «ፍረጂ» ሲሏት እጇን አወናጨፈች። «ሁለቱም የልጆቼ ናቸው። አንዱን ባመሰግን አንዱ ሊያኮርፍ? ተዉኝ!»

ይኼ ጨዋታ ለዓመታት አላረጀም። በተገናኙ ቁጥር ዝሆኑና ብስኩት ይነሳሉ፤ አንዱ የነዳጁን ጉድ ያወራል፣ ሌላው የፕላስቲኩን። ማሙሽ የምሩን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ብስኩት በየወንበሩ ቀበቶ አላት፤ ዝሆኑ ሲፈጠርም ቀበቶ አልነበረው። አንድ ቀን ማሙሽ ለመለዋወጫ ከታረደ መኪና የተፈታ ሁለት ቀበቶ ይዞ ሱቁ መጣ።

«ለሰው ሁሉ ትገጥም የለ? ለእማዬም ግጠምላት።»

«የበሩን ምሰሶ ልብሳው ነው የምትለው? ይሄ ላሜራ ከተሠራ ጀምሮ መሰርሰሪያ ነክቶት አያውቅም።»

«ቀዳዳ ናት እኮ ጋሼ፤ አንድ ቀዳዳ።»

«ማሙሽዬ፣ ዝሆኑን የመታው ይፍራ እንጂ ውስጡ ያለው ምን ብሎ ይፈራል?» አለና ሳቀ። ቀበቶዎቹን ምስማር ላይ ሰቀላቸው። ጥቂት ሰንብቶ አንድ የሚኒባስ ባለቤት ቀበቶ ፈልጎ ሲመጣ አውርዶ ለእሱ ገጠማቸው። ማሙሽ ሁለተኛ አላነሳም።

የእናታቸው ታናሽ እህት ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጠና ታማለች የሚል ስልክ ተደወለ። እናታቸው ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች፤ «ዓይኗን ሳላይ እንዳትሄድብኝ» አለች። በማግሥቱ ጠዋት ማሙሽ ከሚስቱ ጋር በብስኩት መጣ። ሁላችንም በአንድ መኪና እንሂድ አለ፤ አራት ሰው ነን፣ መንገዱም ዝናብ ነው። መርፌ አሻፈረኝ አለ። እናቴን ይሄን ሁሉ መንገድ እዚህች ውስጥ አጣጥፌ አልወስዳትም፤ የራሷ ወንበር እያላት!

የሁለቱም መኪና በር ተከፍቶ ነበር። እናታቸው ነጠላ ጫማዋን ለውጣ፣ ቦርሳዋን ይዛ በመካከላቸው ቆመች። ብስኩትን አየት አደረገች። ከዚያ የትልቁን ልጇን ፊት አየች።

«እኔ በዝሆኑ ነኝ» አለች። «ወንበሬን ለማን ልተው?»

መርፌ ደስ አለው። ክንዷን ይዞ ደግፎ አወጣት፤ ዝሆኑ ከመሬት ከፍ ስለሚል እግሯን አንስታ ለመግባት ትንሽ ትቸገር ነበር። ሚስቱ የዳቦ ቤት ተራዋ ስለነበር ከደጅ ሆና ሸኘቻቸው።

ዝሆኑ ከፊት፣ ብስኩት ከኋላ ሆነው ተጓዙ። ካፊያ ነበር። እናቱ ስለ እህቷ ስታወራ መጣች፤ በልጅነታቸው አንድ ቀሚስ ለሁለት እየተቀባበሉ ስለመልበሳቸው፣ እህቷ ስትዘፍን ጎረቤት መስኮት ስለመዝጋቱ። መርፌ እየሳቀ ቁልቁለቱን ጀመረ። ታች ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ በፊት መንገዱ ይታጠፋል። መታጠፊያውን ሲጨርስ ድንጋይ የጫነ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ምልክት የሚሆን ነገር አልተደረገም፤ ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ነበር። መርፌ ፍሬን ያዘ። ዝሆኑ እንደ ፀባዩ ወደ ግራ ሳበ። መሪውን ወደ ቀኝ ታገለው። ፍጥነቱ ይኼን ያህል አልነበረም፤ ግን እርጥብ ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ዝሆኑም ከባድ ነው። ከከባዱ መኪና የኋላ ጥግ ጋር ተጋጨ። ከኋላው ማሙሽ እሱን ላለመግጨት ሲል ወደ ቀኝ ሸሸና ብስኩትን ከድልድዩ የሲሚንቶ ግንብ ጋር አላተማት።

መርፌ ወደ ራሱ ሲመለስ ደረቱ መሪው ላይ ነበር። ትንፋሽ አጠረው። የዝሆኑ ሞተር አልጠፋም፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ይንዶቀዶቃል። አንድ መብራት ተሰብሯል፤ ፓራውልቱ ጥቂት ገብቷል። የፊቱ መስታወት እንኳ ደህና ነበር። ወደ እናቱ ዞረ። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተደግፋለች።

«እማዬ! እማዬ!»

«አለሁ። ደህና ነኝ» አለች። ቀጥላ «ማሙሽን… ሂድ ማሙሽን እየው» አለችው።

ወጣ። ወደ ብስኩት ሮጠ። ከፊት መብራት እስከ መስታወቱ ያለው አካሏ ተሸብሽቦ አንድ ክንድ አክሏል። ጥሩምባዋ ሳያቋርጥ ይጮሃል፤ ከኮፈኗ ጭስ ይሁን እንፋሎት ያልታወቀ ነገር ይወጣል። የከባዱ መኪና ሾፌር፣ ከኋላ የደረሰ የሕዝብ መኪና ተሳፋሪ፣ ከእርሻው የሮጠው ሁሉ ብስኩትን ከቦ በር ይጎትታል። ወደ ዝሆኑ የተመለከተ ሰው አልነበረም። ምን ሊያይ? ደህና መኪና ቆሟል። መርፌም የጎድን አጥንቱ መሰበሩን ረስቶ፣ «ወንድሜ ነው! ወንድሜ ነው!» እያለ ሰውን ገፍቶ ገባና በሩን ከሚጎትቱት ጋር ጎተተ።

በሩ እምቢ ብሎ ቆይቶ ተከፈተ። ውስጡ የጠበቁት አልነበረም። ማሙሽና ሚስቱ በግጭቱ ከመሪውና ከዳሽቦርዱ የወጣ ነጭ የአየር ከረጢት ታቅፈው፣ ቀበቷቸው አንቆ ይዟቸው ቁጭ ብለዋል። የማሙሽ አፍንጫ ይደማል። የሚስቱ የእጅ አንጓ ተሰብሯል፤ ታለቅሳለች። አውጥተው ከመንገዱ ዳር አስቀመጧቸው። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። መርፌ የወንድሙን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ «ተርፋችኋል! ተርፋችኋል እኮ!» ይላል። በሻርፕ የማሙሽን ደም ጠረገ፤ የወንድሙን ሚስት ክንድ በእንጨት የሚያስርላት ሰው ፈለገ፤ ውኃ ለመነ።

«እማማስ?» አለች የማሙሽ ሚስት።

«ደህና ናት» አላት። «ዝሆኑ ውስጥ ናት።»

ሲመለስ እናቱ ራሷን በር መስታወቱ ላይ አሳርፋ ነበር። አንዲት ተሳፋሪ ሴትዮ በሩ አጠገብ ቆማ ዝቅ ባለ ድምፅ «እናት ደክሟቸው ተኝተዋል፤ አልቀሰቀስኳቸውም» አለችው። እናቱን ጠራት። ዓይኗን በጥቂቱ ገለጠች፤ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። «አንድ እግር ጫማዬ የለም» አለች። ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር አገኘው፤ ሲያደርግላት እግሯ ቀዝቅዟል። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረችም። በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና አቅፏት ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ሮጡ። ሐኪሙ ሆዷን ዳበሰ፣ ዓይኗን በባትሪ አየ፣ ቀስ ብሎ ባትሪውን አጠፋ። ዳሽቦርዱ ነው የመታት፤ ውስጧ ነው የፈሰሰው፤ መንገድ ላይ ነው ያለፈችው አለ።

«መኪናው በጣም ተጎድቷል?» ሲል ጠየቀ ሐኪሙ።

«አይ» አለ መርፌ። «መኪናው ምንም አልሆነም።»

የተናገረውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

የቀብሯ ዕለት ደረቱ በፋሻ ተጠፍሮ፣ በሰው ተደግፎ ቆመ። ማሙሽ አጠገቡ ነበር፤ አፍንጫው አብጧል፣ ዓይኖቹ ሥር ጠቁረዋል። ሰው ሁሉ እየመጣ ማሙሽን ያቅፋል፤ «ከዚያች መኪና ውስጥ መውጣትህ ተአምር ነው» ይለዋል። መርፌን ትከሻውን ነካ አድርገው ያልፋሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች በእነዚያ ቀናት ስለ ሻይ፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ሰው አሸኛኘት ተነጋግረዋል። ስለ መንገዱ አልተነጋገሩም።

አክስታቸው አልሞተችም። ትሞታለች የተባለችው ሴት ጥቂት ቀን ቆይታ ተሻላት፤ በሁለት ሰው ተደግፋ ለቅሶ መጣች። ከመርፌ አጠገብ አስቀመጧት። ስታለቅስ ቆይታ፣ ደክሟት ስታርፍ፣ እንደ ሽማግሌ ልማድ የሟችን ወሬ ጀመረች። ክፋት አልነበረባትም። ምን እንደምትናገርም አታውቅም ነበር።

«እኅቴ ስለ አንተ የማትለው አልነበረም» አለችው እጁን እየዳበሰች። «ስንደዋወል፣ እንዴት አለሽ ስላት፣ ‹ወገቤን ያ ዝሆን ፈጀኝ› ትለኛለች። መውጣት መውረዱ፣ መንገጫገጩ። ‹የማሙሽ ትሻለኛለች፣ ዝቅ ያለች ናት፣ አትንጥም› ትለኝ ነበር። ‹ታዲያ በእሷ አትሄጂም?› ስላት ‹ልጄ ወንበር ሰፍቶልኝ! እንዴት ብዬ ፊቱን አይቼ?› ትለኛለች። እንዲህ ነበር የምትወድህ ልጄ፣ እንዲህ ነበር የምትሳሳልህ።»

መርፌ ክው አለ። ቀና ሲል ማሙሽን አየው። ማሙሽ ዓይኑን ሰበረ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። የራሱን ሚስት አያት፤ እሷም ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ቤቱ ውስጥ ያላወቀ እሱ ብቻ ነበር።

ለቅሶው ሲበተን መኪናህን ውሰድ ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። ግቢው ውስጥ ዝሆኑና ብስኩት ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ መብራት የጎደለው ሽማግሌ ይመስላል፤ ሌላዋ የተረገጠ ቆርቆሮ ናት። በሩን የሚጠብቀው ሰው ከንፈሩን መጠጠ። «የዚችን ባለቤት ነፍስ ይማር» አለ ብስኩትን እያመለከተ። «አንተ ጌታህን አመስግን፤ ይሄ መኪና ነው ያተረፈህ።»

መርፌ አላረመውም። ፊርማ የምታስፈርመው የትራፊክ ሳጅን ግን ነገሩን የመረመረችው ራሷ ስለነበረች ታውቅ ነበር። ሊሄድ ሲል ቆሞ ሁለቱን መኪናዎች ሲያይ፣ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«እንዴት ሊሆን ቻለ?» አላት። «እይው እስቲ። እይው!»

«ጋሼ» አለች ሳጅኗ፣ «ምት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ያቺ ታጠፈች፤ ስትታጠፍ ዋጠችው። የእርስዎ አልታጠፈም። ስለዚህ ምቱን እንዳለ ወደ ውስጥ አሳለፈው። ውስጥ ያለው ሰው ነው የታጠፈው።» ደግሞ፣ «ቀበቶ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«አልነበረም።»

መርፌ ሱቁ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅለው የነበሩትን ሁለት ቀበቶዎች፣ ከዚያም አውርዶ ሲገጥማቸው ሚኒባሱ ውስጥ የነበረውን የሾፌሩን ፉጨት ሳይቀር አስታወሰ።

ብስኩትን ብረት ገዢዎች ጭነው ወሰዷት። ዝሆኑ ተጎትቶ ግቢው ገባ። መርፌ አላጠበውም። ማለዳ ሲወጣ አጥሩን ታክኮ ያልፈዋል፤ ማታ ሲገባ እንዲሁ። ሚስቱ አንድ ቀን ሸራ አለበሰችው፤ ሸራው የባሰ ሆነ፤ ሰው ቆሞ የሚጠብቅ መሰለው። እንቅልፍ አጣ። ሱቁ ውስጥ የሚቃለድ ሰው ጠፋ፤ ደንበኞቹ እንደ ቀድሞው ሊያጫውቱት ሞክረው ሞክረው ተዉት። ቀበቶ የሌለው መኪና ሲመጣ ቀበቶ ካልገጠምኩ ወንበር አልሰፋም ማለት ጀመረ። አንዳንዱ እሺ ይላል፤ አንዳንዱ «ሰውዬው ለቅሶው አናቱ ላይ ወጥቷል» ብሎ ሌላ ሰፊ ዘንድ ይሄዳል።

በዚህ መካከል የሰርግ መኪና አከራይ የሆነ ሰውዬ ግቢው ድረስ መጣ። ወሬውን ሰምቷል። ሸራውን ገልጦ በዝሆኑ ዙሪያ ሦስት አራቴ ዞረ፤ ኮፈኑን በጣቱ አንጓ አንኳኳ።

«ወይ ብረት!» አለ። «እንዲህ ያለ ግጭት ችሎ! መብራቱን ቀይሬ፣ ነጭ ቀለም ቀብቼ፣ አበባ ባለብሰው ሙሽራ ሁሉ በዚህ ካልሆነ አላገባም ይላል። የፈለግኸውን ጥራ።»

«እናቴ የሞተችው እዚህ ውስጥ ነው።»

«ሰምቻለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። መኪናው ግን ምን አጠፋ? አንድ ጭረት እንኳ የለበትም እኮ!»

መርፌ ሸራውን ከሰውዬው እጅ ቀስ ብሎ ተቀብሎ መኪናውን መልሶ አለበሰው። «አይሸጥም» አለ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ እዚያው ቆሞ ቀረ። እሱ ቢሞት፣ ሚስቱ ብትቸገር፣ ልጆቹ ቢሸጡት ዝሆኑ ገና ብዙ ዕድሜ እንዳለው ታየው። ከእሱ በኋላ ኖሮ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ ሙሽራ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ነው።

በማግሥቱ ከሱቁ ቀርቶ ዝሆኑን አስጎትቶ መኪና የሚታረድበት ግቢ ወሰደው። አራጁ ብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ይዞ መጥቶ፣ አይቶ፣ ወደ ኋላ አለ።

«ይሄንን? ይሄንንማ አላርድም። በደህና ቀን የተሠራ እኮ ነው! ኃጢአት ይሆንብኛል።»

«ካላረድከው መሣሪያውን ለኔ ስጠኝ፤ እኔ አርደዋለሁ።»

አራጁ ቀልዱን መስሎት ሰጠው። መርፌ ግን መጀመሪያ ግራይንደሩን መሬት አስቀምጦ፣ ከኪሱ ምላጭ አወጣ። የፊት በሩን ከፍቶ በጉልበቱ ተንበረከከና የእናቱን ወንበር በራሱ ስፌት ላይ እየሄደ ተረተረው። ክሩ ጠንካራ ነበር፤ ሰምሮለት የሰፋው ነው። ሌዘሩን ገፈፈ፣ ስፖንጁን አወጣ፣ ትንሿን የወገብ ትራስ አውጥቶ ከሌላው ጋር መሬት ላይ ጣላት። ሞላው ራቁቱን ቀረ። ከዚያ ተነስቶ ግራይንደሩን አስነሳና የበሩን ምሰሶ መቁረጥ ጀመረ። ብልጭታው ፊቱን ይመታል፤ ያልዳነው የጎድን አጥንቱ በየመንቀጥቀጡ ይወጋዋል፤ ብረቱ ተጫረ እንጂ አልቆረጥም አለ።

ማሙሽ በመርፌ ሚስት ተነግሮት ደረሰ። ጃኬቱ ሥር የሥራ ጋወኑ ይታያል። ወንድሙን በዚያ ሁኔታ ሲያየው ምን ታደርጋለህ አላለውም። ትከሻውን ነካ አድርጎ ግራይንደሩን ተቀበለው። ከመድኃኒት ብልቃጥ የከበደ ነገር ይዞ የማያውቅ ሰው ነውና መሣሪያው እጁ ላይ ዘለለ። አራጁ ከሩቅ ሆኖ ሲያያቸው ቆየና መጣ።

«አምጡ በሉ፣ አምጡ» አለ። «ጣታችሁን ሳትቆርጡ። ሁለት የተማረ እጅ ይዛችሁ!»

እሱ ሲይዘው ብረቱ ጥንካሬውን ረሳ። ጣሪያው ወረደ፤ በሮቹ ወጡ፤ ዳሽቦርዱን ከነመደገፊያው ፈልቅቆ ወረወረው። ወንድማማቾቹ ባዶ የባትሪ ሣጥን ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዩ። ሲያልቅ ተነስተው ወጡ።

ወደ ቤት በእግር ሄዱ። የሥራ መውጫ ሰዓት ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። መርፌ በየመሃሉ ደረቱን ይዞ ይቆማል፤ ማሙሽም ይቆምለታል። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ሲያርፉ መርፌ ተናገረ።

«እማዬ ያኔ ከግጭቱ በኋላ ነቅታ ነበር» አለ። «ወዲያው ነው ያናገረችኝ። ‹ሂድ ማሙሽን እየው› አለችኝ። ደህና ነኝ ስላለችኝ ብቻ አይደለም የሄድኩት። ዝሆኑ ውስጥ ስለሆነች ነው። ለብቻዋ ትቻት ሄድኩ ማሙሽ። ያን ሁሉ ጊዜ ለብቻዋ ነበረች።»

ማሙሽ የሚያልፉትን ሰዎች እግር ሲያይ ቆየ።

«እኔም አላየኋትም» አለ በመጨረሻ። «ስታወጡኝ አንገቴን አዙሬ ዝሆኑን አየሁት። ቆሟል። እሷስ ብላ የጠየቀችው ሚስቴ ናት። እኔ አልጠየቅሁም ጋሼ። እንዲህ እንደ አለት የቆመ መኪና ውስጥ ምን ትሆናለች ብዬ።»

መርፌ ወንድሙን አየው። ያበጠው አፍንጫ ድኗል፤ ትንሽ ግን ተጣሟል። እጁን ዘርግቶ የማሙሽን ጉልበት ያዘ፤ ማሙሽም እጁን በላዩ አደረገ። ሱቁን የሚጠብቀው ሰውዬ መጥቶ እዚያ መቀመጥ አይቻልም አላቸው። ተደጋግፈው ተነሱና ቀስ እያሉ ሄዱ።